በየማለዳው «እምቢ» ያሉ አባት



ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል እ.ኤ.አ. በ1791 በጎጃም ተወልደው፣ እውነትን በየገዳማቱ መጻሕፍት ሲፈልጉ የኖሩ መነኩሴ ነበሩ። በ1844 ወደ ካቶሊክ እምነት ገቡ፤ በ1851 ከቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያዕቆቢስ እጅ ክህነትን ተቀበሉ። በ1854 ታሰሩ፤ በ1855 ከነሰንሰለታቸው ዐረፉ። እምነታቸውን ቢክዱ ይፈቱ ነበር።

ሰማዕትነትን የአንድ ቀን ሰይፍ አድርገን እናስባለን፤ እርሳቸው ግን ከዓመት በላይ በየማለዳው ያንኑ «እምቢ» መድገም ነበረባቸው። በፍላቂት ገበያ እህል የሚሸጥ ምእመን ፈተናም ከዚህ ዓይነት ነው፤ ቁናውን ሳያጎድል ይሰፍራል፣ ዘመዱ ቢከፋበትም በሽማግሌ ፊት እውነቱን ይመሰክራል፤ በነጋታውም እንደ ገና።

መምህራን ሆይ፣ ለሕፃናት ስለ ሰንሰለቱ ብቻ ሳይሆን መጻሕፍትን ሲመረምሩ ስላሳለፏቸው ዓመታትም ንገሩ። ያሰሯቸውም ክርስቲያኖች ነበሩና፣ ትምህርቱ በጎረቤት ላይ የቂም መነሻ እንዳይሆን ተጠንቀቁ።