ድመትና አሸዋ

ድመት ምንጣፍ ላይ ስትጸዳዳ ብዙዎቻችን በቁጣ እናባርራታለን። ቅጣቱ ግን ፍርሃትን እንጂ ሥርዓትን አያስተምራትም። ኩስን በልል አፈር መቅበር ድመት ከዘር ምንጯ ከአፍሪካ የዱር ድመት የወረሰችው ጠባይ ነው። ግልገሎች ገና በ4 ሳምንት ዕድሜያቸው ገደማ አፈር መጫር ይጀምራሉ። ስለዚህ የእኛ ድርሻ ለዚህ ጠባይ ምቹ ስፍራ ማዘጋጀት ነው።

ጠርዙ ዝቅ ባለ ሳፋ ውስጥ 5 ሴንቲሜትር ያህል ደረቅ አሸዋ እንጨምርና ከምግቧ ርቆ ጸጥ ባለ ጥግ እናስቀምጠው። ከእንቅልፍ ስትነቃና ከተመገበች በኋላ በውስጡ እናኑራት። ያመለጣትን ሽንት በሳሙናና በውሃ እንጠብ እንጂ በረኪና አናፍስስበት፤ ከሽንቱ ዩሪያ የሚገኘው አሞኒያ ከበረኪና ጋር ሲገናኝ ክሎራሚን የተባለ መርዛማ ጋዝ ይፈጠራልና።

የአሸዋው ንጽሕና የጤና ጉዳይም ነው። ቶክሶፕላዝማ ጎንዲ የተባለው ጥገኛ ተሕዋስ ከድመት ኩስ ጋር ሊወጣ ይችላል፤ ሆኖም በሽታ ለማስተላለፍ የሚበቃው ከ1 እስከ 5 ቀን ከቆየ በኋላ ነው። ኩሱን በየዕለቱ ማስወገድና እጅን በሳሙና መታጠብ አደጋውን በእጅጉ ይቀንሰዋል። ተሕዋሱ ፅንስን ሊጎዳ ስለሚችል ነፍሰ ጡር ሴት ይህን ሥራ ለሌላ ሰው ትተው።

ሥርዓት የለመደች ድመት በድንገት ብታጓድል፣ አስቀድመን የሳፋውን ንጽሕና፣ ቀጥሎም ጤንነቷን እንመርምር። በተለይ ወንድ ድመት እያማጠ ሽንት ካልወጣው የሽንት ቧንቧው ተዘግቶ ሊሆን ስለሚችል፣ በዚያው ቀን ወደ እንስሳት ሐኪም እንውሰደው። ጥፋት የመሰለን ነገር የሕመም ምልክት ሊሆን ይችላልና።