ውሻ ምድርን ስለ መቈፈሩ፤ ምክንያቱና መከላከያው

ውሻ ከሰው ጋር መኖር ከጀመረ እጅግ ረዥም ዘመን ነው። በጀርመን አገር በቦን ከተማ አጠገብ ኦበርካሰል በተባለ ስፍራ በ1914 ዓመተ ምሕረት (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) ድንጋይ የሚፈነቅሉ ሠራተኞች የሰውና የውሻ ዐፅም በአንድ መቃብር ተኝቶ አገኙ። የዐፅሙም ዕድሜ 14 ሺህ ዓመት ያህል መኾኑ በምርመራ ታውቋል። በዚህ ሁሉ ዘመን ውሻ ከሰው ብዙ ነገር ተምሯል፤ ቤት ይጠብቃል፤ መንጋ ይከተላል፤ ባለቤቱን በድምፁ ይለያል። ነገር ግን ከጥንት አባቱ ከተኵላ የወረሰው አንድ ጠባይ ከቶ አልለቀቀውም፤ ይኸውም ምድርን መቈፈር ነው።

ይህ ጠባይ ትንሽ ነገር መስሎ ይታያል እንጂ በገጠር ከባድ ጠብ የሚያመጣበት ጊዜ አለ። የአንዱ ውሻ የሌላውን የጎመን መደብ ይገለብጣል፤ ዐዲስ የተተከለውን የሽንኵርት ችግኝ ይነቅላል፤ ባለመደቡም ተቈጥቶ ውሻውን በድንጋይ ይመታል ወይም መርዝ ያበላል። ከዚያ በኋላ ነገሩ የውሻ መኾኑ ይቀርና የጎረቤት ጠብ ይኾናል፤ ሽማግሌም ለመቀመጥ ይገደዳል። ይህንም ለማስቀረት የሚቻለው ውሻው ለምን እንደሚቈፍር በማወቅ ነው፤ ምክንያቱን ያላወቀ ሰው መድኀኒቱን ሊያገኝ አይችልምና።

አንደኛ፤ ስለ ውሻ አካል

የውሻ ጥፍር እንደ ድመት ጥፍር የሚሸሸግ አይደለም፤ ሁልጊዜ ወደ ውጭ ወጥቶ ይኖራል። ስለዚህ ጫፉ ከመሬት ጋር እየተፋተገ ይደንዛል፤ ነገር ግን ወፍራምና ጠንካራ ስለ ኾነ አፈርን ለመጫር የተመቸ ነው። ውሻ ሲቈፍር ሁለቱን የፊት እግሮች እያፈራረቀ አፈሩን ወደ ሆዱ በታች ይስባል፤ ከኋላ እግሮቹም መካከል ወደ ኋላ ይበትነዋል። ሥር ቢያጋጥመው በጥርሱ ይቈርጠዋል።

አፍንጫውና ጆሮውም ለዚህ ሥራ ይረዱታል። በሰው አፍንጫ ውስጥ ሽታን የሚቀበሉ ሕዋሳት 5 ወይም 6 ሚሊዮን ያህል ሲኾኑ በውሻ አፍንጫ ግን ከ200 ሚሊዮን በላይ ናቸው። ስለዚህም ሰው ባዶ መሬት የሚለውን ውሻ እንደ ተጻፈ መጽሐፍ ያነበዋል፤ ከአፈር በታች ያለውን አይጥም፣ ከብዙ ቀን በፊት የተቀበረውን ዐጥንትም ያውቃል። ጆሮውም ሰው የማይሰማውን እጅግ ቀጭን ድምፅ ይሰማል።

በዚህ ስፍራ አንድ ስሕተት ሊታረም ይገባል። ውሻ ከሸና ወይም ከተጸዳዳ በኋላ በእግሩ መሬቱን ሲጭር ይታያል። ብዙ ሰው ይህን አይቶ እድፉን ሊቀብር ነው ይላል፤ ነገር ግን እንደ ድመት አይቀብረውም። በመዳፉ ካሉት ዕጢዎች የሚወጣውን ሽታ በመሬት ላይ አትሞ ለሌሎች ውሾች ምልክት መተዉ ነው እንጂ ይህ መቈፈር አይባልም።

ሁለተኛ፤ ውሻ የሚቈፍርበት ምክንያት

የመጀመሪያው ምክንያት ሙቀት ነው። ውሻ እንደ ሰው በገላው ሁሉ አያልበውም፤ ጥቂት ላብ የሚወጣው ከመዳፉ ብቻ ነው። ሙቀቱን የሚያበርደው ምላሱን አውጥቶ በማለክለክ ነው። በቀትር ጊዜ ፀሐይ ሲበረታበት የላይኛውን ትኵስ አፈር ጭሮ ይጥልና ከበታች ያለውን ቀዝቃዛ አፈር በሆዱ ይተኛበታል። በብርድና በነፋስ ጊዜም እንዲሁ ጕድጓድ አበጅቶ ተጠቅልሎ ይተኛል። በቤት ግድግዳ ጥግ ወይም በዛፍ ሥር ክብ ኾኖ የተቈፈረ፣ ጥልቀቱም ከስንዝር እምብዛም የማይበልጥ ጕድጓድ የመኝታ ጕድጓድ መኾኑ ይታወቃል።

ሁለተኛው አደን ነው። ፍልፈልና አይጥ ከመሬት በታች ስለሚኖሩ ውሻ ሽታቸውን ተከትሎ ይቈፍራል። የዚህ ምሳሌ በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ ይገኛል። ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይኖረው የውሻ ዘመድ ቀይ ቀበሮ በባሌና በሰሜን ተራሮች፣ በሌሎችም ደጋዎች የሚኖረው ፍልፈልንና አይጥን እያደነ ነው፤ ከጕድጓዱ አፍ ድምፅ ሳያሰማ ይጠብቃል፤ ሲያስፈልገውም ይቈፍራል። በአውሮፓ ደግሞ ሰዎች ይህን ጠባይ ፈልገው ውሻን በዘር እየመረጡ አራብተዋል። በእንግሊዝ አገር ቴሪየር የሚባለው ውሻ ስሙን ያገኘው ምድር ከሚለው የላቲን ቃል ነው፤ በጕድጓድ ያለውን አውሬ ተከትሎ ስለሚገባ ነው። እንግዲህ እንደዚህ ያለውን ውሻ አትቈፍር ማለት ድመትን አይጥ አትያዥ እንደ ማለት ነው።

ሦስተኛው መብልን መደበቅ ነው። ተኵላ አንድ ቀን ጠግቦ ብዙ ቀን ይራባል፤ ስለዚህ የተረፈውን ሥጋ ቀብሮ ለክፉ ቀን ያኖረዋል። ውሻም ዐጥንት ሲበዛለት እንዲሁ ያደርጋል፤ አፈሩንም የሚመልሰው በአፍንጫው እየገፋ ነው።

አራተኛው መውለድ ነው። ውሻ የምታረግዘው 63 ቀን ያህል ነው። የመውለጃዋ ቀን ሲቀርብ ከቤት ሥር፣ ከጭድ ክምር አጠገብ ወይም ከቍጥቋጦ ውስጥ ትቈፍራለች። ቡችሎች ሲወለዱ ዓይናቸው ያልተገለጠ፣ ራሳቸውንም ለማሞቅ የማይችሉ ናቸውና እናቲቱ መጠለያ መፈለጓ የእናትነት ሥራ ነው።

አምስተኛው ሥራ መፍታት ነው። ጧት ታስሮ እስከ ማታ የሚውል፣ መንጋ የማይከተል፣ ከሰውም ጋር የማይሄድ ጐልማሳ ውሻ ጕልበቱን የሚያወጣበት ስፍራ ስለሚያጣ ገመዱ እስከ ደረሰበት ያለውን መሬት ሁሉ ይቈፍራል።

ስድስተኛው ማምለጥ ነው። ወንዱ ውሻ የሴቲቱን ሽታ ሲሰማ፣ ወይም ውሻ ነጐድጓድና ተኵስ ሲያስደነግጠው በአጥር ሥር ቈፍሮ ይወጣል። ይህ ጕድጓድ ሁልጊዜ ከአጥር ጋር የተጠጋ ስለ ኾነ ከሌላው ይለያል።

ስለዚህ ውሻ በደጅ ሲቈፍር አይቶ ሞት ጠሪ ነው፣ ክፉ ምልክት ነው የሚል ሰው ቢገኝ፣ ሽማግሌዎች ከእነዚህ ከስድስቱ ምክንያቶች አንዱን እንዲፈልግ ሊመክሩት ይገባል።

ሦስተኛ፤ ከመቈፈር የሚመጣ ጕዳት

የተገለበጠ መደብ እንደ ገና ይተከላል፤ ከዚህ የሚከፋው ግን በጤና ላይ የሚመጣው ነው።

በበግ፣ በፍየልና በከብት ጕበትና ሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ብዙ ጊዜ ይገኛል። ባለቤቱ ይህን አይቶ ለውሻ ቢጥለው፣ ወይም በጥቂት አፈር ሸፍኖት ውሻ ቈፍሮ ቢያወጣውና ጥሬውን ቢበላው፣ በውሻው አንጀት ውስጥ ርዝመቱ ከ1 ሳንቲሜትር የሚያንስ የኮሶ ትል ዓይነት ያድጋል። የትሉ ዕንቍላል ከውሻው እድፍ ጋር ወጥቶ በሣርና በአፈር ላይ ይበተናል፤ በውሻውም ጠጕር ላይ ይጣበቃል። ከዚህ በኋላ ውሻውን ዳስሶ እጁን ሳይታጠብ የሚበላ ሕፃን ዕንቍላሉን ይውጠዋል፤ በበጉ ጕበት የታየው ከረጢትም በሕፃኑ ጕበት ወይም ሳንባ ውስጥ ያድጋል። ከረጢቱ የሚያድገው ብዙ ዓመት ቈይቶ ቀስ በቀስ ስለ ኾነ በሽተኛው ከየት እንዳገኘው አያውቅም።

ሁለተኛው ጕዳት ሙጀሌ ነው። ሙጀሌ በደረቅና በላላ ትቢያ ውስጥ ትራባለች። በውሻም መዳፍ ትገባለች። ውሻ ዘወትር እየቈፈረ የሚተኛበት ትቢያ በቤት ደጅ ከኾነ በባዶ እግራቸው የሚጫወቱ ልጆች ከዚያ ይይዛቸዋል።

ሦስተኛው ማስጠንቀቂያ ስለ እብድ ውሻ በሽታ ነው። ጤነኛ ውሻ አፈር ይቈፍራል እንጂ አይበላውም። የወትሮ ጠባዩ በድንገት የተለወጠ፣ አፈርና እንጨት የሚነክስና የሚውጥ፣ ምራቁ የሚዝረበረብ፣ ድምፁም የጐረነነ ውሻ ቢታይ እንደ ቈፋሪ ውሻ ሊቈጠር አይገባም፤ ማንም ሳይቀርበው ለእንስሳት ሐኪም ወይም ለቀበሌው ሹም ይነገር። የተነከሰ ሰው ቍስሉ ወዲያው በብዙ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል ይታጠብ፤ ሳይዘገይም ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ክትባት ይቀበል። ፈረንሳዊው ሊቅ ሉዊ ፓስተር በ1885 ዓመተ ምሕረት (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) በእብድ ውሻ የተነከሰ ልጅ ከትቦ ካዳነ ወዲህ ይህ በሽታ አስቀድሞ ሊከለከል ይችላል፤ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ ግን የሚድን የለም ለማለት ይቻላል። በሽታው ለዱር እንስሳም አይምርም፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2003 ከመንደር ውሾች ወደ ባሌ ቀይ ቀበሮዎች ተላልፎ ብዙዎቹን ፈጅቷል። ስለዚህ ውሻን በየዓመቱ ማስከተብ ለቤትም ለአገርም ይጠቅማል።

አራተኛ፤ ባለቤቱ ሊያደርገው የሚገባ

አስቀድሞ ጕድጓዱን ይመልከት፤ ጕድጓዱ ምክንያቱን ይናገራልና። ክብ ከኾነ መኝታ ነው፤ ረዥም ኾኖ የፍልፈል አፈር ቍልል ካለበት አደን ነው፤ ከአጥር ከተጠጋ ማምለጫ ነው።

ለሙቀት የኾነ እንደ ኾነ ጥላ ይደረግለት፤ ንጹሕ ውሃም ከጧት እስከ ማታ አይጕደልበት። ለብርድ ከኾነ ጭድ የተነጠፈበት ጎጆ ይሠራለት፤ ጭዱም ቶሎ ቶሎ ይለወጥ።

ለአደን ከኾነ ፍልፈሉና አይጡ ይጥፋ እንጂ ውሻው አይመታ። ጎተራው ከመሬት ከፍ ብሎ ይሠራ፤ በዙሪያው ያለው ሣር ይታጨድ፤ የፈሰሰው እህል ይጠረግ፤ ወጥመድም ይጠመድ። የአይጥ መርዝ ግን በጥንቃቄ ካልኾነ አይደረግ፤ መርዝ የበላችውን አይጥ የበላ ውሻ ሊሞት ይችላልና።

ለመደበቅ ከኾነ ዐጥንት በአንድ ጊዜ አይብዛለት፤ በልኩ ይሰጠው። የሞተ እንስሳና ከረጢት ያለበት ጕበትና ሳንባ ይቃጠል፤ ወይም ጥልቅ ጕድጓድ ተቈፍሮ ይቀበርና ከአፈሩ በላይ ከባድ ድንጋይ ይጫንበት። ለውሻ የሚሰጥ የሆድ ዕቃ ካለም በሚፈላ ውሃ ለ1 ሰዓት ያህል ይቀቀል። የውሻን የአንጀት ትል የሚገድል መድኀኒትም ከእንስሳት ሐኪም ይጠየቅ።

ለመውለድ ከኾነ ከ10 ቀን በፊት ጸጥ ባለ ስፍራ ደረቅ መኝታ ይሰናዳላት።

ሥራ በመፍታት ከኾነ በአጭር ገመድ ታስሮ መዋሉ ይቅር። በየቀኑ ከባለቤቱ ወይም ከእረኛው ጋር ይሂድ። ሁልጊዜ የሚቈፍር ውሻ ከኾነም በጓሮ ጥግ ልጆች ከማይጫወቱበት አንድ ስፍራ አሸዋና ለስላሳ አፈር ተደልድሎ ይሰጠው፤ በዚያም ዐጥንት ተቀብሮ ይታየው፤ በዚያ ሲቈፍር ይመስገን። በመደብ ላይ ሲገኝ ደግሞ በድምፅ ተጠርቶ ወደ ራሱ ስፍራ ይወሰድ።

ለማምለጥ ከኾነ በአጥሩ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ እርስ በርሱ ተያይዞ በአፈር ይቀበር። ዐዲስ የተዘራ መደብም ሥር እስኪሰድ ድረስ በቅርንጫፍ ወይም በድንጋይ ይታጠር።

ስለ ዱላ ሊነገር የሚገባው ይህ ነው። ውሻ ጧት የቈፈረውን ባለቤቱ ማታ አይቶ ቢመታው፣ ውሻው የሚያስበው ስለ ጕድጓዱ ሳይኾን በዚያች ሰዓት ስለ መጣው ሰው ነው። ስለዚህ ጌታውን መፍራት ይማራል እንጂ መቈፈር አይተውም። የፈራ ውሻም ይሸሻል ወይም ይናከሳል። በጕድጓድ ውስጥ መርዝ መጣልም የበደል በደል ነው፤ መርዝ የጎረቤትን ውሻ፣ አሞራውንና ሕፃኑን ለይቶ አያውቅም።

አምስተኛ፤ ለመምህራን

መምህሩ ይህን ትምህርት በቃል ብቻ እንዳያስተምር ይመከራል። ተማሪዎች በየቤታቸው ውሻ የቈፈረበትን ስፍራ ከሩቅ እየተመለከቱ ለ7 ቀን ይጻፉ፤ ጕድጓዱ የት እንደ ኾነ፣ ቅርጹ ምን እንደሚመስል፣ በስንት ሰዓት እንደ ተቈፈረ፣ በዚያን ጊዜ ፀሐይ ወይም ዝናም እንደ ነበረ ይመዝግቡ። በጕድጓዱ ውስጥ እጃቸውን አያግቡ፤ የማያውቁትን ውሻ አይጠጉ፤ ሲመለሱም እጃቸውን ይታጠቡ። በሰባተኛው ቀን መዝገባቸው በሰሌዳ ላይ ተጽፎ ምክንያቱን ራሳቸው ይፍረዱ።

የሽማግሌዎችም ድርሻ አለ። ስለ ተቈፈረ መደብ ሁለት ጎረቤቶች ሲከሰሱ የጠፋውን ችግኝ ከመገመታቸው ጋር አጥሩ እንዲጠገን፣ ውሻው ውሃና ጥላ እንዲያገኝ፣ ክትባቱም እንዳይታለፍ ይፍረዱ። ካሣ ያለፈውን ይዘጋል፤ የሚመጣውን የሚዘጋ ግን ምክንያቱን ማስወገድ ነው።

ጥያቄ

1. የውሻ ጥፍር ከድመት ጥፍር በምን ይለያል?
2. ውሻ ሙቀቱን የሚያበርደው እንዴት ነው?
3. የመኝታ ጕድጓድና የማምለጫ ጕድጓድ በምን ይታወቃሉ?
4. ከረጢት ያለበት ጕበት ለውሻ ጥሬውን የማይሰጠው ለምንድር ነው?
5. ውሻን ቈፍሮ ከቈየ በኋላ መምታት የማይጠቅመው ስለ ምንድር ነው?
6. በውሻ የተነከሰ ሰው አስቀድሞ ምን ያድርግ?