ለመስኮት የሚሆን የፕላስቲክ ሉህ አቆራረጥና አጨራረስ

ሮቤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ጎባ ደግሞ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በዚህ የባሌ ደጋ በበጋ ቀኑ ፀሐይ፣ ሌሊቱ ብርድ ነው፤ በረዶም ይጥላል። ስለዚህ ለሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሽ ወይም ለአብነት ተማሪዎች ማደሪያ መስኮት ሲሠራ በመስተዋት ፈንታ የፕላስቲክ ሉህ መምረጥ ተገቢ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በምእመናን አስተዋጽኦ የተገዛ ሉህ ከተሰነጠቀ እንደ ቀድሞው አይመለስም። ስለሆነም የሰበካ ጉባኤው ሥራውን ለባለሙያ ከመስጠቱ በፊት የዕቃውን ጠባይ ቢያውቅ ይጠቀማል።

አስቀድሞ ዓይነቱ ይለይ። አክሪሊክና ፖሊካርቦኔት በመልክ ይመሳሰላሉ፤ ከሻጩ ቀጭን ቁራጭ ተቀብሎ በጨርቅ ጠቅልሎ ማጠፍ ይለያቸዋል። አክሪሊክ ይሰበራል፣ ፖሊካርቦኔት ይጎብጣል። ለበረዶ ፖሊካርቦኔት ይመረጣል፤ ሆኖም የፀሐይ መከላከያ ልባስ ከሌለው በደጋው ብርቱ ፀሐይ ቢጫ እየሆነ ይደክማል። ልባሱ በአንድ ገጽ ብቻ ከሆነ ያ ገጽ ወደ ውጭ ይዞራል። ምልክቱ በመሸፈኛው ላይ ስለሚገኝ መሸፈኛው ሥራው ሳያልቅ አይላጥ።

እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሚወፍር አክሪሊክ በካተርና በብረት ማስመሪያ ይቆረጣል፤ በአንድ መስመር ላይ ስምንት፣ ዐሥር ጊዜ ጭሮ፣ ጭረቱን ከጠረጴዛ ጠርዝ ጋር አስተካክሎ በአንድ ጊዜ መስበር ነው። ከዚያ የወፈረው፣ እንዲሁም ፖሊካርቦኔት፣ ጥርሱ ደቃቅ በሆነ ሴጌቶ ይቆረጣል። የሚንቀጠቀጥ ሉህ ስለሚሰነጠቅ በሁለት ጣውላ መካከል ይታሰር። መቸኮል አይገባም፤ ፕላስቲክ ሲግል ይለሰልሳል፣ ብናኙም ቀልጦ መጋዙን ይይዛል። ለማፍጠን ሲል ግራይንደር ይዞ የሚመጣ ባለሙያ ቢኖር በትሕትና ይከልከል።

ስንጥቅ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከብሎን ቀዳዳ ነው። ለብረት የተሳለ ፑንታ አክሪሊክን ነክሶ ይሰብረዋል፤ ስለዚህ የመቁረጫ ከንፈሩ በመሳያ ድንጋይ ጥቂት ይደንዝ። ከሥር እንጨት ተደርጎ በዝግታ ይሰርሰር። ሌላው ምክንያት ሙቀት ነው፦ የ1 ሜትር አክሪሊክ ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሲለዋወጥ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል ወይም ያጥራል፤ ይህም ከመስተዋት በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ቀዳዳው ከብሎኑ ይስፋ፣ ብሎኑ አይጥበቅ፣ በክፈፉም ውስጥ ለእያንዳንዱ ሜትር ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተው። በቀትር ልክ የሆነ ሉህ በሌሊት ብርድ ይሸማቀቃል፤ በብርድ ልክ የሆነው ደግሞ በቀትር ይጎብጣል።

ጠርዙ በሞረድ ከተስተካከለ በኋላ 220፣ ከዚያ 400፣ በመጨረሻም 600 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በውኃ እየታጠበ ይታሽ። በጠርዝ ላይ የቀረ ጭረት የስንጥቅ መነሻ ይሆናል።

አክሪሊክ በእሳት ይያያዛልና ጧፍና ጽና በሚቀርቡበት ስፍራ አይተከል። ሲጸዳም በለስላሳ ጨርቅ፣ በሳሙናና በውኃ ብቻ ነው፤ ቤንዚንና አልኮል ደቃቅ ስንጥቆችን ያበዙበታል።