ኦሊቪዬ ሜሲያን፦ እምነትን በዜማ ያስተማረ ምእመን

የእምነታችን ምሥጢር የሚነገረው በስብከትና በመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ፈረንሳዊው የሙዚቃ ደራሲ ኦሊቪዬ ሜሲያን ለዚህ ምስክራችን ነው።

ሜሲያን እ.ኤ.አ. በ1908 በአቪኞን ከተማ ተወለደ። በ11 ዓመቱ የፓሪስ ኮንሰርቫቷር ወደተባለው ከፍተኛ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገባ። በ1931፥ ገና በ22 ዓመቱ፥ በፓሪስ በሚገኘው የቅድስት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን የኦርጋን ደርዳሪ ሆኖ ተሾመ።

በ1940 ፈረንሳይ በጀርመን ጦር ስትሸነፍ ሜሲያንም ተማርኮ በጎርሊትዝ ወደነበረው የምርኮኞች ሰፈር ተወሰደ። ብርድና ረኃብ በበረታበት በዚያ ስፍራ ከእርሱ ጋር የታሰሩ ሦስት ሙዚቀኞች ነበሩ። በእጃቸው የነበሩት መሣሪያዎች ቫዮሊን፥ ቼሎ፥ ክላሪኔትና አንድ አሮጌ ፒያኖ ናቸው። ሜሲያን በሌለው ነገር ሳያዝን ለእነዚሁ «የዘመን ፍጻሜ ኳርቴት» የተባለውን ድርሰት ጻፈ። መነሻው የዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 10 ሲሆን፥ በዚያ አንድ እግሩን በባሕር፥ ሌላውን በምድር ላይ ያቆመ መልአክ የዘመንን ማብቃት በመሐላ ያውጃል። ድርሰቱ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 15 ቀን 1941 በሰፈሩ ውስጥ በምርኮኞችና በጠባቂዎች ፊት ተሰማ።

ከስምንቱ ክፍሎች ሁለቱን ልብ እንበል። በአምስተኛው ቼሎ እጅግ በዝግታ ይዜማል፤ ይህም ከዘመናት በፊት የነበረውን ቃል የሚያወድስ ነው። በስምንተኛው ቫዮሊን ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል፤ ይህም ሥጋ የሆነውንና ከሙታን የተነሣውን ኢየሱስን የሚያወድስ ነው። እነሆ፥ በቅዳሴ የምንመሰክረው እምነት በዜማ ሲገለጥ!

ሜሲያን በ1941 ተፈትቶ በዚያው ዓመት በኮንሰርቫቷር መምህር ሆነ፤ እስከ 1978ም አስተማረ። የወፎችን ዝማሬ በየገጠሩ እየተዘዋወረ በጽሑፍ ያሰፍር ነበር። በ1983 በፓሪስ የቀረበው ኦፔራው ስለ አሲዚው ቅዱስ ፍራንቸስኮስ ሲሆን፥ ቅዱሱ ለወፎች መስበኩም በውስጡ ይገኛል። ዝናው በዓለም ቢሰማም የቅድስት ሥላሴን ኦርጋን አልተወም፤ በ1992 እስካረፈበት ጊዜ ድረስ ከ60 ዓመታት በላይ አገለገለበት።

እኛም ብዙ ጊዜ «መጽሐፍ አነሰን፥ መሣሪያ ጎደለን» እያልን ማስተማርን እናዘገያለን። ሜሲያን ግን ሁሉ ነገር እስኪሟላ አልጠበቀም፤ በእጁ ባለው ጀመረ። ታዲያ ዛሬ በቁምስናችን፥ በእጃችን ያለው ምንድን ነው?