ዳማከሴ “ያድናል” ብለን ከመጻፋችን በፊት

ምች ሲመታን ቤተሰቦቻችን ቶሎ የሚያስታውሱት ዳማከሴን ነው። ቅጠሉ ይታሻል፣ ይሸተታል፣ ጭማቂው በቡና ይጠጣል፣ ገላም ይቀባል። በአሰላም ሆነ በሌላው የአገራችን ደጋ ይህን የማያውቅ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ታዲያ አንድ የባህል መድኃኒት ሕመምን፣ ብግነትን ወይም ድብርትን እንደሚያስታግስ በምን ይታወቃል? እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎችስ ውጤቱን እንዴት እንዘግበው? ይህ ጽሑፍ ሁለቱን ጥያቄዎች ባጭሩ ይዳስሳል።

ምርመራው እንዴት ይካሄዳል?

በመጀመሪያ የዕፅዋት ባለሙያ ተክሉን ይለያል። ቅጠሉ በጥላ ደርቆ ይፈጫል፣ በውሃ ወይም በአልኮል ተዘፍዝፎ ይጠለላል። ቀጥሎ የላቦራቶሪ አይጦች በቡድን ይከፈላሉ። አንዱ ቡድን መድኃኒት የሌለበት ፈሳሽ፣ ሌላው የታወቀ መድኃኒት፣ የቀሩት ደግሞ የተክሉን ጭማቂ በተለያየ መጠን ይወስዳሉ።

ለሕመም አይጧ 55 ዲግሪ ገደማ በሞቀ ሳህን ላይ ትቀመጥና እግሯን እስክትልስ ያለው ሰከንድ ይቆጠራል። ለብግነት ካራጂናን የተባለ ከባሕር አረም የሚገኝ ንጥረ ነገር መዳፏ ላይ ይወጋል፤ እብጠቱም በየሰዓቱ ይለካል። ለድብርት ደግሞ እነ ፖርሶልት በ1977 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቁት የዋና ፈተና አለ፦ አይጧ ውሃ ውስጥ ሳትንቀሳቀስ የምትቆይበት ጊዜ ይመዘገባል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጭማቂው የሚያነቃቃ ብቻ ከሆነ አይጧ ብዙ ትዋኛለች፤ የሚያደነዝዝ ከሆነም ሳህኑ ላይ ትዘገያለች። ስለዚህ ተመራማሪዎች እንቅስቃሴዋን ለብቻው ይለካሉ።

ውጤቱ ምን ይላል?

እያሱ መኮንንና ባልደረቦቻቸው በ2003 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የዳማከሴ ቅጠል ጭማቂ የአይጦችን ትኩሳት እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ይህ ለባህላዊው እውቀት ትልቅ ድጋፍ ነው። ነገር ግን የተለካው ትኩሳት ነው፣ የተለካውም በአይጥ ላይ ነው። “ዳማከሴ ድብርትን ያድናል” የሚል ርዕስ ከዚህ አይወጣም።

ሌላ ምሳሌ እንውሰድ። በጭላሎና በመሰል ተራሮቻችን የሚበቅለው አሜጃ የሃይፐሪከም ዘር ነው። የአውሮፓው ዘመዱ ሃይፐሪከም ፐርፎራተም በሰዎች ላይ ብዙ ጊዜ ተፈትኗል፤ በ2008 እ.ኤ.አ. 29 ሙከራዎችን የገመገመ ጥናት ለድብርት እንደሚረዳ ደምድሟል። ያ ማስረጃ ግን የአሜጃ አይደለም፤ ዝምድና ማስረጃ አይሆንም። በዚያ ላይ ይኸው የአውሮፓ ተክል የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብልን ኃይል ይቀንሳል። ኢንዲናቪር የተባለውን የኤች አይ ቪ መድኃኒት በደም ውስጥ እንደሚቀንስም በ2000 እ.ኤ.አ. ታይቷል። “ተፈጥሮ ነውና አይጎዳም” ማለት እንግዲህ ልክ አይደለም።

ምን እንጠይቅ?

አንድ ተመራማሪ ዘንድ ስንሄድ አራት ጥያቄ ይዘን እንሂድ፦ የተፈተነው በማን ላይ ነው? ከምን ጋር ተነጻጸረ? የትኛው የተክሉ ክፍል፣ በምን ተዘጋጅቶ? ጉዳቱስ ተመርምሯል? የእናቶቻችንን እውቀት ማክበር ማለት በአግባቡ እንዲፈተሽ መጠየቅ ነው። እኛ ያጋነንነውን አንድ ርዕስ አምኖ ሐኪም ያዘዘለትን ክኒን የሚያቋርጥ አንባቢ ሊኖር እንደሚችል አንርሳ።