ሆድሽን ሳታውቂ አትዋጪ

ልጄ፣ ባለፈው እሑድ ቤትሽ መጥቼ ፍሪጁ ላይ የተደረደሩትን ብልቃጦች ሳይ ዝም ያልኩት እንግዳ ፊት ላሳፍርሽ ስላልፈለግኩ ነው። 9 ቆጠርኩ። ግማሾቹ ዘመድ ከአሜሪካ በሻንጣ የላከልሽ ናቸው፤ የቀሩትን ጓደኛሽ «እኔን አድኖኛል» ስላለችሽ ገዛሽ። ሆድሽ ግን ዛሬም ይነፋል፤ አንድ ሰሞን ያደርቅሻል፣ አንድ ሰሞን ያስቀምጥሻል። የጎረቤት መድኃኒት የሚያውቀው የጎረቤትን ሆድ ነው። ዕድሜዬን መድኃኒት ቤት ውስጥ የጨረስኩ ሰው ነኝና ስሚኝ።

1. መጀመሪያ ተመርመሪ። እኛ አገር የሆድ ነገር ሁሉ «ጨጓራ ነው» ወይም «አሜባ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ጃርዲያም ይነፋል፣ ያስቀምጣል፤ ሐኪሞች አይ ቢ ኤስ የሚሉት የአንጀት መቆጣትም እንደዚያው። በወሬ አይለዩም። የአንጀት መቆጣት የሚባለው ሆድ ላለፉት 3 ወራት ቢያንስ በሳምንት 1 ቀን ሲያም፣ ሕመሙም ከመጸዳዳት ወይም ከሰገራው መለዋወጥ ጋር ሲያያዝ ነው። ሰገራሽ ላይ ደም ካየሽ፣ ሳታስቢው ከከሳሽ፣ ሕመሙ ሌሊት ከእንቅልፍሽ ከቀሰቀሰሽ ወይም ደም ማነስ ካለብሽ ግን ብልቃጥ ሳትነኪ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ለወራት ማስታገሻ ከእኔ እየገዛ ሲመላለስ የነበረ ሰው ደም እንደሚያይ የነገረኝ በጣም ዘግይቶ ነው። አልጠየቅኩትም ነበር። ከዚያ ወዲህ ሳልጠይቅ ሸጬ አላውቅም።

2. አሰር ስትመርጪ ዓይነቱን ለዪ። ውሃ ውስጥ ሲገባ የሚያሟልጨው፣ ሲሊየም እንደሚባለው የዘር ገለባና እንደ ተልባ ያለው፣ ድርቀቱንም መላላቱንም ያስታርቃል። ፉርሽካ ግን ሊያባብስ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2009 ኔዘርላንድስ ውስጥ 275 ሕሙማን ላይ በተደረገ ጥናት ሲሊየም የወሰዱት ሲሻላቸው፣ ከሁሉ ይበልጥ ያቋረጡት ፉርሽካ የተሰጣቸው ነበሩ፤ ዋናው ምክንያትም ሕመሙ ስለባሰባቸው ነው። የእንግሊዝ የጤና መመሪያም ለሚነፋ ሆድ በቀን እስከ 1 የሾርባ ማንኪያ ተልባ ይመክራል። እናትሽ የምትዘፈዝፈው ተልባ ማለት ነው፤ ከሩቅ አገር መምጣት የለበትም። በትንሽ ማንኪያ ጀምረሽ በየሳምንቱ ጨምሪ። ሲሊየምን ከሙሉ ብርጭቆ ውሃ ጋር ካልሆነ እንዳትወስጂ፤ ጉሮሮ ላይ አብጦ ያንቃል።

3. የናና ዘይት ከወሰድሽ እንክብሉን አታኝኪው። የአንጀትን ጡንቻ አፍታትቶ ቁርጠቱን ያስታግሳል፤ ሽፋኑ የተሠራው ጨጓራን አልፎ አንጀት ላይ እንዲሟሟ ነው። ካኘክሽው ቃር ይቀሰቅስብሻል። የናና ሻይ ጥሩ ነው፣ ግን የእሱን ሥራ አይሠራም።

4. አንድ በአንድ ሞክሪ። እዚህ ላይ ነው የምቆጣሽ። የአንጀት መቆጣት ራሱ ይነሳል፣ ራሱ ይተኛል። እኛ ደግሞ ብልቃጥ የምንከፍተው በባሰብን ቀን ነው፤ በማግስቱ ሲቀልለን ምስጋናውን የዋጥነው ይወስዳል። በጥናቶች ላይ ምንም የሌለበት ባዶ እንክብል ከተሰጣቸው እንኳ ከሦስት ሰው አንዱ ገደማ «ተሻለኝ» ይላል። አንቺም ዐቢይ ጾም ሲፈታ ፕሮባዮቲክ የሚሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያ ጀምረሽ «አዳነኝ» ብለሽኝ ነበር። 55 ቀን ሽሮና ክክ ስትበዪ ከርመሽ ያረፍሽበት ሳምንት እኮ ነው! ጥራጥሬ ውስጥ ያለ አንድ ዓይነት ስኳር ትንሹ አንጀት ሳይፈጨው ያልፋል፤ ትልቁ አንጀት ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ሲያብላሉት ጋዝ ይሆናል። ታዲያ የትኛው አዳነሽ? ደብተር ያዢ፤ የበላሽውን፣ የዋጥሽውን፣ ሆድሽ ያለውን ጻፊ። ለአንዱ 4 ሳምንት ስጪው፤ ለውጥ ከሌለ ተይው።

5. ፕሮባዮቲክን እንደ አንድ ነገር አትቁጠሪው። ዘሩ ብዙ ነው፤ አንዱ የሚሠራውን ሌላው አይሠራም። የአሜሪካ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ ለአንጀት መቆጣት አልመከረውም። የእንግሊዙ መሞከር ለሚፈልግ ቢያንስ 4 ሳምንት ይላል። መሞከር ካሻሽ ሞክሪ፤ የልጆችሽን የትምህርት ቤት ክፍያ ግን አትንኪበት።

6. ጀርባውን አንብቢ። ማግኒዥየም ያላላል፤ ለደረቀ ሆድ ይጠቅማል፣ ለሚያስቀምጠው ጠላት ነው። የብረት እንክብል ያደርቃል። ሶርቢቶልና ኢኑሊን ይነፋሉ፤ ለማጣፈጫና ለአሰር ተብለው ስንቱ ብልቃጥ ውስጥ ገብተዋል! ከአሜሪካ መምጣቱም ዋስትና አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው ሕጋቸው መሠረት ሰፕልመንት የሚሸጠው እንደሚያድን አስቀድሞ ሳይረጋገጥ ነው።

7. የምትውጪውን ሁሉ ለሐኪምሽ ንገሪ። የእንቅርት መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ከብረትና ከካልሲየም 4 ሰዓት አራርቂው፤ አለዚያ በደንብ አይሠራም። ያገር መድኃኒቱንም ጭምር ንገሪ፤ ኮሶ ለኮሶ ትል ነው፣ የተቆጣ አንጀት ላይ አታፍስሺበት።

እሑድ ስትመጪ 9ኙንም ብልቃጥ ይዘሽ ነዪ፤ መነጽሬን አድርጌ አብረን እናነባቸዋለን። የምርመራ ወረቀትሽንም አትርሺ።