አፕዴቱን የምትወስኑት እናንተ ናችሁ

ቡታጅራ ገበያ ውስጥ የማረቆ በርበሬ የምትሸጥ ነጋዴ ስልኳ ላይ «አዲስ የሲስተም አፕዴት አለ» የሚል መልእክት ይመጣል። ደንበኛ ቆሟል፤ ሚዛኑ ላይ በርበሬ አለ፤ ጣቷ «በኋላ» የሚለውን ነክቶ ያልፋል። በማግስቱም ይመጣል፤ በማግስቱም «በኋላ»። ወልቂጤ ውስጥ ያለው ባለሱቅ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ያለው ተማሪም እንዲሁ ያደርጋሉ። እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመት ያልፋል።

ወዳጆቼ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ፤ ይህን ውሳኔ በገዛ እጃችሁ ወስኑት። አፕዴት አድርጉ ወይም አታድርጉ፣ ብቻ በምክንያት ይሁን። ዛሬ አሥር ደቂቃ ስጡት፤ ኢንጂነር መሆን አያስፈልግም፣ እንግሊዝኛ ማወቅም ግድ አይደለም። ከባዶ ተነስቶ ሱቅ ያቆመ፣ የሦስት ከተማ ዋጋ በቃሉ የሚይዝ ሰው ይህ ሊያቅተው አይችልም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ነገሩ የገንዘብ ጉዳይ ሆኗል። የዕቁቡ ክፍያ፣ የአዲስ አበባው ጅምላ ሻጭ ሒሳብ፣ ለእናት የሚላከው ብር በዚያው ስልክ ነው የሚያልፈው።

«አፕዴት ስልክ ያበላሻል» የሚለው ፍርሃት ከሜዳ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2014 አፕል ያወጣው አይኦኤስ 8.0.1 አይፎን 6 የያዙ ሰዎችን ኔትወርክ አሳጥቶ ወዲያው እንዲነሳ ተደርጓል። በታኅሣሥ 2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ ይኸው ኩባንያ ባትሪያቸው ያረጀ አይፎኖችን በአፕዴት አማካይነት ያዘገይ እንደነበር አመነ፤ ፈረንሳይ በ2020 በዚህ ምክንያት 25 ሚሊዮን ዩሮ ቀጥታዋለች። ስለዚህ ጎረቤታችሁ «ከአፕዴት በኋላ ስልኬ ሃንግ ማድረግ ጀመረ» ቢላችሁ አጋነነ አትበሉት። የዳታ ፓኬጁም ወጪ ነው፤ የስቶሬጁ መሙላትም እውነት ነው።

ግን አለማድረግም ዋጋ አለው፤ ያውም በአገራችን የታየ ዋጋ። በነሐሴ 2020 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ ምርመራ፣ ቴክኖ ደብልዩ2 በሚባል ርካሽ ስልክ ላይ ገና ሳይሸጥ ተደብቀው የገቡ ትሪያዳ እና ኤክስሄልፐር የተባሉ ጎጂ ፕሮግራሞች መገኘታቸውን አሳየ። ባለስልኩ ምንም ሳይነካ ክፍያ ላለው አገልግሎት ያስመዘግቡት ነበር፤ የሞላው ካርድና የገዛው ዳታ ባላወቀው መንገድ ይሄዳል። ችግሩ ከታየባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት፤ ካሜሩን፣ ግብፅ፣ ጋናና ደቡብ አፍሪካም አሉበት። የስልኩ አምራች ኩባንያ ፕሮግራሞቹ የገቡት በአቅርቦት ሰንሰለቱ ውስጥ ባለ ሌላ ድርጅት በኩል እንደሆነ ገልጾ ምን አለ? ማስተካከያው አስቀድሞ ስለወጣ በአፕዴት ጫኑት አለ። ልብ በሉ፤ መድኃኒቱ በዚያ ሁሌ «በኋላ» በምንለው መልእክት በኩል ነበር የሚመጣው። ቀድሞም በ2015 እ.ኤ.አ. ስቴጅፍራይት የተባለው የአንድሮይድ ክፍተት ሲገኝ፣ አንድ የቪዲዮ መልእክት ስልክን ለሌላ ሰው አሳልፎ ሊሰጥ እንደሚችል ታወቀ። ጉግል በየወሩ የደኅንነት ማስተካከያ ማውጣት የጀመረው በዚያው ዓመት ነው።

እንግዲህ ውሳኔውን የሚያቀልላችሁ ይህ ነው፤ አፕዴት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ሴቲንግ ከፍታችሁ መልእክቱን አንብቡት። የደኅንነት ማስተካከያ ከሆነ መጠኑ ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው፤ የስልኩን መልክ አይለውጥም፤ ቀዳዳ ይደፍናል። እሱን አታቆዩት፤ ዛሬ ማታ ጫኑት። ከአንድሮይድ 13 ወደ 14 እንደመሄድ ያለ ሙሉ የቨርዥን ለውጥ ከሆነ ግን ጊዜ ውሰዱ። እዚህ ላይ የጉራጌ እናት እንሰቷን እንዴት እንደምታሳድግ አስቡ፤ ችግኙን ነቅላ ሌላ ቦታ ደጋግማ ትተክለዋለች፣ ግን ጊዜው ደርሶ፣ መሬቱም ተዘጋጅቶ ነው። እናንተም ሁለት ሳምንት ያህል ጠብቁ፤ ተመሳሳይ ስልክ ያለው ሰው ምን እንደገጠመው ጠይቁ፤ ስቶሬጁ ላይ በቂ ባዶ ቦታ መኖሩን እዩ። ራሙ 2 ጂቢ የሆነ ስልክ ላይ ትልቁን ቨርዥን ለመጫን እኔ አልቸኩልም፤ ወደ ኋላ መመለስ ብዙ ጊዜ ስልኩን ሙሉ በሙሉ መደምሰስ ይጠይቃልና።

ስለ ትልቁ ለውጥ ሳስብ ግን አንድ ነገር ደስ ይለኛል፣ በተለይ ለጉራጌ ልጆች። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 የዓለምን ፊደላት ለኮምፒውተርና ለስልክ የሚመዘግበው ዩኒኮድ፣ ለጉራጊኛ አጻጻፍ የተዘጋጁ 28 ፊደላትን በ14ኛው ዕትሙ አካቷል። በቤት የሚነገረው ቋንቋ በራሱ ድምፅ ልክ ስልክ ላይ እንዲጻፍ መንገድ ተከፈተ ማለት ነው! ፊደል የሚያሳየው ቅርጽ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሲስተሙ ጋር ነው የሚመጣው። ከዚያ ዓመት በፊት ተሠርቶ በዚያው የቀረ ሲስተም እነዚህን ፊደላት ስለማያውቃቸው በቦታቸው ባዶ ሳጥን ያሳያችኋል። የአማርኛ መልእክት እንኳ ሳጥን በሳጥን ሆኖ ይደርሰን የነበረበትን ዘመን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ያ የተስተካከለው በአዳዲስ ሲስተም ነው። አዲስ ሲስተም ሁሉ የጉራጊኛውን ፊደላት ያሳያል አልልም። አሮጌው ግን እንደማያሳይ እርግጠኛ ነኝ። መምህር ከሆናችሁ፣ በቋንቋችሁ መጻፍ የምትሹ ከሆናችሁ፣ ይህ ብቻውን ትልቁን አፕዴት ለማሰብ በቂ ምክንያት ነው።

ከወሰናችሁ በኋላ ዝግጅቱ አያስጨንቃችሁ። ፎቶና ኮንታክት ባካፕ አድርጉ። ቻርጁ ቢያንስ ግማሽ ይሁን፤ መብራት በሚጠፋበት ሰዓት አትጀምሩ። ከተቻለ ዋይፋይ ፈልጉ። ከሁሉም በላይ ጂሜይላችሁን ከነፓስወርዱ እወቁት። ብዙ ሰው ስልክ ሲገዛ ጂሜይሉን የከፈተለት ሻጩ ነው፤ ፓስወርዱ ማን ጋ እንዳለ አይታወቅም። አፕዴቱ ችግር ገጥሞት ስልኩን ሪሴት ማድረግ ግድ ቢሆን ያ ጂሜይል ይጠየቃል፤ ከሌለ የራሳችሁ ስልክ ይቆለፍባችኋል። ይህን ዛሬውኑ አስተካክሉት፤ አፕዴት ባታደርጉ እንኳ። ደግሞ በቴሌግራም የተላከ «ስልክዎን በዚህ ሊንክ አፕዴት ያድርጉ» የሚል መልእክት አትንኩ፤ ትክክለኛው አፕዴት ያለው ሴቲንጋችሁ ውስጥ ነው።

በመሥሪያ ቤት ታብሌት የምትሠሩ ደግሞ አላችሁ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የማኅበረሰቡን ጤና መረጃ በታብሌት ይመዘግባሉ፤ መተግበሪያው በአዲሱ ቨርዥን ላይ ካልተሞከረ የቤት ለቤት መዝገቡ ሊስተጓጎል ይችላል። እዚህ ላይ ደፋርነት የሚባለው ለወረዳው የአይሲቲ ባለሙያ ደውሎ መጠየቅ ነው።

አዲስ ስልክ ልትገዙ ከሆነ ከካሜራው በፊት «ስንት ዓመት አፕዴት ያገኛል?» በሉ። ሳምሰንግ በ2024 እ.ኤ.አ. ላወጣው ጋላክሲ ኤስ24 ሰባት ዓመት ቃል ገብቷል፤ ርካሽ ስልኮች ብዙዎቹ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው የሚያገኙት። ጥያቄው ነጋዴውንም ያነቃዋል፤ ዋጋ ስትደራደሩም ይጠቅማችኋል።

አፕዴት ጭራሽ የማይመጣለት አሮጌ ስልክስ? ዋትሳፕ ከጥር 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድሮይድ 4.4 እና ከዚያ በታች ያሉትን ትቷቸዋል። ቴሌብርና የባንክ መተግበሪያ እንዲህ ካለ ስልክ አውጥታችሁ ወደ ተሻለው አዛውሩ፤ አሮጌው ለመደወልና ለሬዲዮ ያገልግል።

እንዲህ ያለው ስልክ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ወላጆች እጅ ነው፤ ልጅ አዲስ ሲገዛ አሮጌውን ለአባት ይሰጣልና። መስከረም 17 መስቀል ሲከበር ከአዲስ አበባ ወደ ጉራጌ መንደሮች የምትገቡ ልጆች፣ ክትፎው ከተበላ በኋላ ከአባታችሁ ጎን ቁጭ በሉ። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የመጨረሻው የደኅንነት ማስተካከያ የየት ወር እንደሆነ አብራችሁ እዩ። ስልኩን ተቀብላችሁ አትሥሩላቸው፤ እናንተ እያሳያችሁ እሳቸው ይጫኑት፣ አንዴ ከሞከሩት አይከብዳቸውም። የጂሜይሉንም ፓስወርድ በትልቁ ጽፋችሁ ሰነዳቸውን ከሚያስቀምጡበት ቦታ አኑሩላቸው።